የበረዶ ዘመን በዝናብ አገር

በመቱ ከተማ በረዶ አስቀድሞ የሚታወቀው በድምፁ ነው። የዝናቡ ወራት ሊገባ ወይም ሊወጣ ሲል፣ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይጠቁርና ቆርቆሮው ላይ ሽምብራ የተበተነ ያህል መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ወሬ ይቋረጣል። ልጆች ሳህን ይዘው ደጅ ይወጣሉ፤ እናቶች ከውስጥ ሆነው ይቆጣሉ። አቦሉ ሲቀዳ የጀመረው በረዶ ቶናው ሳይጠጣ ቀልጦ በየቦዩ እየወረደ ወደ ሶር ወንዝ መንገድ ጀምሯል። ኢሉባቦር ከበረዶ ጋር ያለው ትውውቅ ከዚህ አይዘልም።

አማርኛም ለዚህ ነገር ብዙ ቃል አላስቀመጠም። ከሰማይ የሚወርደው ጠጠር በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋው በረዶ ነው፤ አውሮፓን በክረምቷ የሚያለብሳት ነጭ ብናኝም በረዶ ነው። ግእዙ ይሻላል፤ በረድን ከሐመዳ፣ ሐመዳን ከአስሐትያ ይለያል። እነዚህ ግን ከቤተ ክህነት ደጅ እምብዛም ያልወጡ ቃላት ናቸው። የአካባቢው አፋን ኦሮሞ ደግሞ ጨቢ ይለዋል። እንዲህ ባለ አገር «የበረዶ ዘመን» የሚለው ሐረግ ከሩቅ የመጣ ተረት ይመስላል።

የምድር ሙቀት መጨመር አዲስ የበረዶ ዘመን ሊያስከትል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከተረትም አልፎ እንቆቅልሽ ይሆናል። እሳት ሲነድ ቤት ይቀዘቅዛል እንደ ማለት ነው። ሆኖም ጥያቄው የቀልደኞች ጥያቄ አይደለም። ከ60 ዓመት በላይ የተመራመሩበት ከባድ ጉዳይ ሲሆን መነሻው ጨው ነው።

ነገሩን በባሮ መለካት ይቻላል። የመቱው ሶር ከገባ ጋር ይገናኛል፤ ገባ ከብርብር ጋር ሲጋጠም ባሮ ይወለዳል። ባሮ ጋምቤላ ሲደርስ፣ የክረምቱ ሙላትና የበጋው ጉድለት ተቀናንሶ፣ በሰከንድ 400 ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያሳልፋል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄደውና በጥልቁ የሚመለሰው የውሃ ዑደት ግን በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። አርባ ሺህ ባሮዎች ጎን ለጎን ቢሰለፉ እኩያው ይሆናሉ ማለት ነው።

ይህ ዳርቻ የሌለው ወንዝ ከምድር ወገብ አካባቢ የሞቀና ጨው የበዛበት ውሃ ተሸክሞ ወደ ግሪንላንድና አይስላንድ ያቀናል። እዚያ ሲደርስ ሙቀቱን ለነፋሱ ያስረክባል፤ ነፋሱም ለአውሮፓ ያደርሳል። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛና ጨዋማ ውሃ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከሥር ሆኖ ወደ ደቡብ ይመለሳል። የሚሰምጠው ውሃ ነው የላዩን የሚስበው። እንግዲህ ምድር ሞቃ የግሪንላንድ ግግር በረዶ ሲቀልጥ፣ ጨው የሌለው ውሃ በብዛት ባሕሩ ላይ ይፈሳል። ጨው አልባ ውሃ ቀላል ነው፤ ቢቀዘቅዝም ላይ ላዩን ይንሳፈፋል እንጂ በወጉ አይሰምጥም። ያን ጊዜ ዑደቱ ይደክማል፤ የሙቀቱ ማመላለሻ ይላላል፤ ሰሜን አውሮፓ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ በገዛ እጁ አንዱን ምድጃ አጠፋ ማለት ነው።

አሜሪካዊው የውቅያኖስ ተመራማሪ ሄንሪ ስቶሜል እ.ኤ.አ. በ1961 ይህ ዑደት ሁለት የተረጋጉ ሁኔታዎች ሊኖሩት እንደሚችል በቀላል ሒሳብ አሳየ። በአንዱ ይፈሳል፣ በሌላው ይቆማል። አስደንጋጩ መቆሙ ብቻ አይደለም። አንዴ ከቆመ በኋላ ያቆመውን ምክንያት ማንሳት ብቻ መልሶ ላያስነሳው ይችላል። ይህን ለመረዳት የቡና ረከቦት ፊት የተቀመጠ ሰው ሒሳብ አያስፈልገውም። ጀበና ቀስ እያለ ሲያጋድል ለጊዜው ምንም አይሆንም፤ አንድ ልክ ካለፈ ግን ይገለበጣል። የተገለበጠውን ጀበና ቀና ማድረግ ይቻላል፤ መሬት የጠጣውን ቡና ግን ቀና ያለው ጀበና አይመልሰውም።

እ.ኤ.አ. በ1987 ዋላስ ብሮከር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ሳይንቲስት የሰው ልጅ ወደ አየር የሚለቀው ጋዝ በዚህ ዑደት ላይ ያልታሰበ መዘዝ ሊያመጣ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ከዚያ ሆሊዉድ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ዘ ዴይ አፍተር ቱሞሮው» የተሰኘው ፊልም ኒውዮርክን በቀናት ውስጥ በረዶ አድርጎ አሳየ። የብዙ ሰው «የበረዶ ዘመን» ከዚያ ፊልም የተቀዳ ነው። ውቅያኖስ ግን በቀናት አይገለበጥም፤ የሚቸኩል ቢሆን እንኳ የእርሱ ችኮላ በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ነው።

ምድር ይህን ድራማ ከዚህ ቀደም ሠርታዋለች። ከ12,900 ዓመት ገደማ በፊት የመጨረሻው የበረዶ ዘመን እየተገባደደ፣ ሰሜን አሜሪካን የሸፈነው ግግር እየቀለጠ ሳለ፣ ከቅልጡ የመጣው ውሃ የአትላንቲክን ዑደት እንዳዳከመው ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። እየሞቀ የነበረው ሰሜን ተመልሶ ከሺህ ዓመት በላይ በብርድ ተያዘ። ከ11,700 ዓመት ገደማ በፊት ሲለቀው ደግሞ የግሪንላንድ ሙቀት በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ተስፈንጥሮ ወጣ። ለዘመኑ ስም የሰጠችው ድሪያስ የምትባል ነጭ የብርድ አገር አበባ ናት፤ ቅሪቷ በስካንዲኔቪያ ደለል ውስጥ ተገኝቷል።

ታዲያ ይደገማል?

መልሱ ለሁለት ይከፈላል። እውነተኛ የበረዶ ዘመን፣ ማለትም ካናዳንና ስካንዲኔቪያን ኪሎ ሜትሮች በሚወፍር ግግር የሚሸፍነው፣ ከሙቀት መጨመር አይወለድም። የበረዶ ዘመናት የሚመጡትና የሚሄዱት ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድና የዘንጓ ዘመም በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያሉ ሲለዋወጡ ነው። በእነዚያ ዘመናት አየሩ ውስጥ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን ከ180 እስከ 190 ገደማ እጅ ነበር፤ ከፋብሪካ ዘመን በፊት 280 ሆነ፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጀርመኑ የፖትስዳም ተቋም ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የሰው ልጅ ምንም ባይነካው እንኳ ቀጣዩ የበረዶ ዘመን ገና 50 ሺህ ዓመት ይቀረው ነበር፤ አሁን በተለቀቀውና ሊለቀቅ በሚችለው ጋዝ ምክንያት ወደ 100 ሺህ ዓመት ሊርቅ ይችላል። ሰው የበረዶ ዘመንን አልጠራም፤ ቀጠሮውን አራዘመው።

የዑደቱ መድከም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያለው የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚህ ክፍለ ዘመን ዑደቱ መዳከሙ በጣም የሚጠበቅ እንደሆነ፣ ከ2100 በፊት በድንገት አይቆምም የሚለውን ግን በመካከለኛ እርግጠኝነት ብቻ እንደሚናገር ገለጸ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፒተርና ሱዛን ዲትለቭሰን የተባሉ ዴንማርካውያን ወንድምና እህት መቆሚያውን በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ የሚያስቀምጥ ስሌት አሳተሙ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች የስሌቱን መነሻ ሞገቱ። ክርክሩ አልተዘጋም።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው የለንደንና የኦስሎ ጥያቄ ነው፤ ስለ ማሞቂያ፣ ስለ ወደብ፣ ስለ ስንዴ ማሳ። ከመቱ ሲታይ ግን ሌላ መልክ ያወጣል። ኢሉባቦርን ኢሉባቦር ያደረገው ዝናብ ነውና።

የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይወስነዋል። የኢሉባቦር ዝናብ ይህን አጥር አያከብርም። በመጋቢት ይጀምራል፣ ጥቅምትን ይነካል። ጎሬ ላይ በዓመት የሚወርደው ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ አዲስ አበባ ከ1200 ብዙም አትርቅም። ይህ ዝናብ ምድርን እንደ መቀነት ከሚዞረው የደመና ቀበቶ ጋር የተያያዘ ነው። ቀበቶው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ ወደ ደቡብ ይመለሳል፤ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲወጣ ቀድማ፣ ሲመለስ ዘግይታ ታገኘዋለች። ቀበቶው አንድ ጠባይ አለው፤ ከሰሜንና ከደቡብ የምድር ክፍል ይበልጥ ወደሞቀው ያደላል። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ ወደ ደቡብ ይሸሻል።

ስለዚህ በሰሜን በረዶ ሆኖ የሚመጣው ነገር እዚህ ሲደርስ ስሙ ድርቅ ነው።

ኢትዮጵያ በረዶን ጨርሶ አታውቅም ማለት ግን አይደለም። በአዱሊስ ቆሞ የነበረውንና ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገለበጠውን የግሪክኛ ጽሑፍ ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት በረዶ መካከል የሚኖሩ የስሜን ተራራ ሰዎችን እንደወጋ ይተርካል። ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ፣ በባሌ ተራሮች ላይ የተኛው ግግር እስከ 265 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚሮጥበት የሳነቴ አምባ ያን ጊዜ የበረዶ አልጋ ነበር።

በዚያ በረዶ አጠገብ ሰዎች ነበሩ። ከ3400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት የተመላለሱ ሰዎች እሳት ያነዱበት አመድ፣ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የቀረጿቸው ስለቶች፣ ጠብሰው የበሏቸው የትልልቅ ፍልፈሎች አጥንት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ይህ ግኝት የሚያነሳው ጥያቄ አለ። አየሩ የሳሳበት፣ ሌሊቱ የሚገድልበት ቦታ ድረስ ምን አወጣቸው? አንዱ መላምት ቆላው በጊዜው ደርቆ ስለነበር የሚቀልጠውን የበረዶ ውሃ ፍለጋ ወጡ ይላል። መላምቱ ልክ ከሆነ ለእነዚያ ሰዎች በረዶው የሚሸሹት ነገር ሳይሆን የሸሹበት መጠጊያ ነበር።

የድርቁን ልክ የሚናገረው ደግሞ ጣና ነው። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ እንደ መጽሐፍ ሲነበብ፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ውሃው ሸሽቶ ሐይቁ ጭራሽ እንደደረቀ፣ በኋላም ወደ ደንገል ረግረግ እንደተለወጠ ያሳያል። ዛሬ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በዚያ ዘመን በሐይቁ እምብርት ይበቅል ነበር። ከጣና የሚወጣ ዓባይ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ ነበር፤ የነጭ ዓባይ አናትም ተቆርጦ ነበር ማለት ነው። በዚሁ ጊዜ በሌላኛው የምድር ጫፍ ከሰሜን አሜሪካ ግግር የተገነጠሉ የበረዶ ተራሮች መርከብ መስለው ወደ አትላንቲክ ይጎርፉ፣ እየቀለጡም የባሕሩን ጨው ያሳሱ ነበር። የጣና ጭቃና የአትላንቲክ ወለል ደለል አንድ ታሪክ በሁለት ቋንቋ ጽፈው አስቀመጡ።

አሥራ ሰባት ሺህ ዓመት ለሰው ልብ ይርቃል። ቀረብ ያለ ምስክር ቢፈለግ አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 1783 በአይስላንድ ላኪ የተባለው ስፍራ ተሰንጥቆ ለስምንት ወራት እሳትና ድኝ ተፋ። የአገሩ ሕዝብ አምስተኛው እጅ ገደማ አለቀ። ጭጋጉ የሰሜኑን የምድር ክፍል ሸፍኖ ፀሐይን ጋረደ፤ የብሱ ቀዘቀዘ፤ የደመናው ቀበቶ ደከመ። በዚያ ክረምት በኢትዮጵያ ደጋዎች የሚጠበቀው ዝናብ ሳይበቃ ቀረና የዓባይ ሙላት ግብፅ ሳይደርስ ጎደለ። ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኔ ከግብፅ ሕዝብ ስድስተኛው እጅ በሞትና በስደት እንደጠፋ ጽፏል። የአይስላንድ እረኛና የናይል ገበሬ አንዱ ስለሌላው መኖር እንኳ አልሰሙም ይሆናል፤ የገደላቸው ግን አንድ ጢስ ነበር።

ይህ ሁሉ የሰው እጅ የሌለበት ታሪክ ነው። የሰው እጅ ያለበትን ደግሞ ኢሉባቦር በቤቷ ታውቀዋለች።

በ1977 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ በረሀብ የተመቱ ሰዎች በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአውሮፕላን ተጭነው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ መጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ደርግ ያሰፈራቸው ሰዎች ቁጥር ወደ 600 ሺህ ይደርስ ነበር። ብዙዎቹ ሳይፈቅዱ የመጡ ነበሩ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በመንገድ ተለያይተዋል፤ በወባና በበሽታ ያለቁትም ብዙ ናቸው። በኢሉባቦር ገጠሮች አንዳንዶቹ በየነባሩ ገበሬ ማኅበር መካከል ገብተው እንዲኖሩ ተደረገ፤ አሠራሩ «ስግሰጋ» ይባል ነበር። ነባሩ ገበሬ ሳይመክርበት ጎጆ ሠራላቸው፤ መሬትም ከእርሱ ተቆርሶ ተሰጠ። ዝናብ ያጣው የወሎ ገበሬ ዝናብ መከልከያ በጠፋበት አገር፣ የማያውቀውን ጫካ እየመነጠረ፣ የማያውቀውን ጎደሬ መብላት ጀመረ።

ለምን ኢሉባቦር ተመረጠ? የመንግሥቱ ፖለቲካ የራሱ ስሌት ነበረው። በአደባባይ የሚነገረው ምክንያት ግን አጭር ነው፤ እዚያ ዝናብ አለ።

የሰሜኑ ዝናብ ለምን ጠፋ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይንስ በቂ መልስ ሳያገኝለት ዓመታት ቆየ። ረሀቡን ረሀብ ያደረገው ጦርነቱና የአገዛዙ ፖሊሲ ጭምር መሆኑ የታወቀ ነው። ድርቁን በተመለከተ ግን፣ ከሴኔጋል እስከ ቀይ ባሕር ዳር ባለው ቀበቶ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. የታየው የዝናብ ጉድለት በከፊል ከሰሜን አትላንቲክ መቀዝቀዝ ጋር እንደተያያዘ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። ለመቀዝቀዙ አንዱ ምክንያት የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች በዚያ ዘመን ወደ አየር የለቀቁት የድኝ ጢስ ነው፤ ልክ እንደ ላኪ ጭጋግ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቅ ነበር። ባሕሩ የቀዘቀዘው በዲግሪ ክፍልፋይ ነው። የበረዶ ዘመን የሚያሰኝ ነገር የለውም፤ ለንደን ላይ ካፖርት አላስደረበም። የደመናውን ቀበቶ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ለማድረግ ግን በቅቶ ነበር። በከሰል የሚሠራ ማመንጫ ሩር ሸለቆ ውስጥ ሲጨስ፣ ከብዙ ሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ፣ አንድ የወሎ ገበሬ መቱ አጠገብ ጎጆ ቀለሰ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ነገሩ የፍልስፍና ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ምክንያትና ውጤት በመንደር ሚዛን ሲታዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በሬ ሰብል ቢገባ ባለቤቱ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል። በውቅያኖስና በደመና በኩል የሚደርስ በደል ግን የሚጠራ ባለቤት የለውም። በዳዩ በተበዳዩ ላይ አንዳች ክፋት አላሰበም፤ ቤቱን ሲያሞቅ ነበር። ተበዳዩም የሚከሰው አጥቶ ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል፤ «ፈጣሪ ተቆጣ» ይላል። ሁለቱም በመንገዱ ርዝመት ምክንያት ከነገሩ ውጭ ናቸው። የሽምግልናው ወግ የተሠራው ፊት ለፊት ለሚተያዩ ሰዎች ስለሆነ፣ አርባ ሺህ ባሮ በመካከላቸው ሲፈስ የሚቀመጡበት ዛፍ ጥላ አይገኝም።

ኢሉባቦር በታሪኳ የመሸሻ አገር ናት። በጣልያን ወረራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ሲሄዱ፣ የቀረው የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫውን ያደረገው ጎሬ ላይ ነበር። ራስ ዕምሩ ከሰሜኑ ጦር ግንባር የተረፈውን ይዘው ወደዚያ ዘለቁ። ጣልያን እስኪይዛት ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ ዛሬ መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍባት ከተማ የአንድ አገር ሕልውና ማደሪያ ሆነች። ጎሬን ለዚህ ያበቃት ርቀቷ ብቻ አይደለም። ቡናዋ በክረምት በባሮ በሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ከጋምቤላ ወደ ሱዳን ይጫን ስለነበር ከዓለም ጋር የምትገናኝበት የራሷ በር ነበራት። ያ በር የሚከፈተው ዝናቡ ወንዙን ሲሞላው ብቻ ነበር።

ከሰውም በፊት የሸሸ አለ። በያዩ፣ በገባ ወንዝ ዳርቻ፣ ቀረሮና ዋንዛ ጥላ ሥር የሚበቅለው የዱር ቡና ማንም ያልተከለው ነው። የዘር ጥናት እንደሚያሳየው አረቢካ ቡና ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ተዳቅለው የወለዱት ነው። ከዚያ ወዲህ በርካታ የበረዶ ዘመናት መጥተው ሄደዋል፤ በየአንዳንዱም ዝናቡ እያጠረ፣ ደኑ እየጠበበ፣ የቡናው ቁጥር እየመነመነ ነበር። ዛሬ መኖሩ ራሱ እርጥበት ያልጠፋባቸው ማጀቶች እንደነበሩ ምስክር ነው፤ ጣና በደረቀበት ዘመን የሆነ ሸለቆ ውስጥ ጤዛ ነበር። ያ ጥበት ግን ዋጋ አስከፍሎታል። የዓለም ቡና ጠጪ የሚመካበት አረቢካ በዘር ስብጥሩ ድሃ ነው፤ ከተረፈው ብዝኃ ዘር ትልቁን ድርሻ የያዘው ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የያዩን 167 ሺህ ሄክታር ገደማ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚያው በያዩ ምድር ውስጥ፣ ከቡናው ሥር ራቅ ብሎ፣ የድንጋይ ከሰል አለ። በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በዚያ የነበረ ረግረግና ደን ተዳፍኖ የሠራው ነው። ከዚህ ከሰል ማዳበሪያ ለማምረት የታቀደ ትልቅ ፋብሪካ ግንባታው ተጀምሮ ለዓመታት ተጓቷል። ገበሬው ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል፤ ይህን ፍላጎት ጥፋት ነው ለማለት የሚያስችል ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም፤ በተለይ ከሰሉን አንድዶ የከበረው ዓለም አይችልም። ሆኖም የጥንት ደን ከታች ከሰል ሆኖ፣ የዛሬ ደን ከላይ ቡና ሆኖ በአንድ ኮረብታ ተነባብረው መገኘታቸው ያሳስባል። የታችኛው ቢነድ የላይኛው ይሞቃል። ከእንግሊዝ ምርምር ተቋም ከኪው ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ ዛሬ በኢትዮጵያ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ማምለጫውንም ጠቁመዋል፤ ወደ ላይ መውጣት። ገበሬ ችግኝ አዝሎ ዳገት ይወጣል። የዱር ቡና ግን ዘሩን የሚያደርሱለት ወፍና ዝንጀሮ ናቸው፤ ከፊቱ ያለው ዳገት ደግሞ ታርሷል።

እንግዲህ ሁለት ኃይሎች ይጓተታሉ። ሙቀቱ አየሩን ብዙ እርጥበት ያሸክመዋል፤ ብዙ የአየር ንብረት ስሌቶች ለምሥራቅ አፍሪካ ከበድ ያለ ዝናብ ይተነብያሉ። የአትላንቲክ ዑደት ክፉኛ ከደከመ ግን ቀበቶው ወደ ደቡብ ይሳባል፤ ዝናቡም ይከተለዋል። የዋህ ሰው «ይካካሳሉ» ሊል ይችላል፤ እዚያ ሲበርድ እዚህ ሲሞቅ ዓለም በአማካይ ደኅና ትሆናለች ብሎ። በዚያ የድርቅ ዘመን የኢትዮጵያ ዝናብ በአማካይ ቢሰላ የኢሉባቦር ዶፍ የወሎን ባዶነት በከፊል ይሸፍነው ነበር። ሰዎቹ ግን አማካዩ ውስጥ መኖር ስላልቻሉ በጭነት መኪና ተጫኑ። አደጋው ሁለቱ ኃይሎች መጓተታቸው አይደለም፤ ገመዱ ወደ ማን እንደሚሳብ ሳይለይ የሚገታው ሰው አለመኖሩ ነው።

በመቱ ገበያ «ኢሉባቦር ዝናብ አያጣም» የሚሉ አዛውንት አልተሳሳቱም። የሰማንያ ዓመት ትዝታ ይዘው ነው የሚናገሩት፤ አባቶቻቸው የነገሯቸው ሲጨመር መቶ ሃምሳ ይሆናል። የጣና ጭቃ ደግሞ የአሥራ ሰባት ሺህ ዓመት ትዝታ ይዟል፤ እርሱም አልተሳሳተም። አንዱ የሚናገረው ስለ ልማድ፣ ሌላው ልማድ ስለሚፈርስበት ቀን ነው። አዛውንቱ ዝናቡ የአገሩ ጠባይ እንደሆነ ያምናሉ፤ እንደ መሬቱ ቅላት፣ እንደ ዳገቱ ሽቅብነት። ጭቃው ግን ዝናቡ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ እንደሆነ ያስታውሳል። የፊንጫ ሀበራ ሰዎች ቆላው ሲደርቅ የሚወጡበት ተራራ ነበራቸው። የወሎ ገበሬ ሲጨንቀው የሚወሰድበት ኢሉባቦር ነበረው። ኢሉባቦር ራሷ በተራዋ ወዴት ትሄዳለች የሚለው ጥያቄ እስካሁን በማንም ዕቅድ ውስጥ አልተጻፈም፤ የመሸሻ አገር መሸሻ ያስፈልገዋል ብሎ ያሰበ የለምና።

ከአፍሪካ ዳርቻ እስከ ባሃማስ ድረስ፣ በ26.5 ዲግሪ ሰሜን መስመር ላይ፣ ከባሕሩ ወለል ጋር በሽቦ የታሰሩ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የውሃውን ሙቀት፣ ጨውና ፍጥነት ይመዘግባሉ። መርከብ እየሄደ ያነሳቸዋል፤ ቁጥሩ ይነበባል፤ ዑደቱ ደከመ አልደከመም ይባላል። በጎሬ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ደግሞ፣ ጉሙ ከሸለቆው ገና ሳይነሳ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ሠራተኛ ወደ አጥሩ ግቢ ይገባል። የዝናብ መለኪያውን ክዳን ያነሳል፣ ሌሊት ያጠራቀመውን ውሃ ወደ ብርጭቆው መስፈሪያ ይገለብጣል፣ ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያያል። በቀኑ ትይዩ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ውሃውን ሣሩ ላይ ይደፋዋል፤ መለኪያውን ለነገ ባዶ አድርጎ ይመልሰዋል።